ሳይኮሎጂ እያስተማርኩ፣ እየተመራመርኩ መኖር እችላለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው። ሳይኮሎጂን የዕድሜ ልክ ሥራ አድርጎ ስለመያዝ። ክሊኒክ ከፍቶ ሰው ስለማከም ሳይሆን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለማስተማርና ስለመመራመር። የእኔም እንጀራ ይኸው ስለሆነ ገጹን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት በሳይኮሎጂ በጥሩ ውጤት ተመርቄአለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ በአማካሪነት እሠራለሁ። ምኞቴ ግን የዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ መሆን ነው። ማስተርሴን በምን ልያዝ? ክሊኒካል ይሻላል ወይስ ሶሻል? ቤተሰቦቼ «ደግሞ ስንት ዓመት ልትማሪ ነው?» እያሉ ያስጨንቁኛል። እውነቱን ይንገሩኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መንገዱን ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ለማስተማር ዛሬ ዛሬ ቢያንስ ማስተርስ ይጠየቃል። ማስተርስ ለመግባት አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ታልፊያለሽ። በሌክቸረርነት ትቀጠሪያለሽ። ከዚያ ፒኤችዲ፣ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለ ይሄዳል። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ነው። ፒኤችዲው በወረቀት ላይ አራት ዓመት ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረዝማል። ለቤተሰቦችሽ ይህንኑ በግልጽ ንገሪያቸው። ረጅም ነው። ደመወዙም ብዙ አይደለም። ይህን ደብቆ «ግቢበት» ማለት አይሆንልኝም።

ክሊኒካል ወይስ ሶሻል ላልሽው፣ እኔ ያንን ሁለተኛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቅሽ፣ ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ የሚለውን ነው። ብዙ ተማሪ የትምህርት ዘርፉን ይመርጥና ጥያቄውን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ማስገቢያው ቀን ሲደርስ ይፈልገዋል። ያኔ የሚገኘው ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ካለ የድሮ ቴሲስ የተቀዳ ርዕስ ነው። የቦታው ስም ብቻ ይቀየራል።

አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ሳምንቱን ሙሉ ከልጆች ጋር ነሽ። እናቱ ቤይሩት ወይ ሪያድ ሠርታ ገንዘብ የምትልክለት፣ አያቱ የምታሳድገው ልጅ በትምህርት ቤትሽ የለም? ይህ ልጅ እናቱን በስልክ እያየ ሲያድግ ስለ ራሱ ምን ያስባል? አያትየውስ በስንት ዓመቷ እንደገና እናት ስትሆን ምን ይሰማታል? የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሚኒስትሪ ሲቃረብ እንቅልፋቸው ምን ይሆናል? ለዓመታት አብሮሽ የሚኖር ጥያቄ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለ አያትና ልጅ ከሆነ የዕድገት ሳይኮሎጂ ይሻልሻል። ስለ ፈተና ከሆነ የትምህርት ሳይኮሎጂ። ጭንቀቱ በሽታ የሚሆነው መቼ ነው የሚለው ከያዘሽ ደግሞ ክሊኒካል። ዘርፉን ጥያቄሽ ይምረጥልሽ።

ይህን የምልሽ ለማበረታታት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጄፍሪ አርኔት የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት፣ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር በሚያሳትማቸው ስድስት ትልልቅ ጆርናሎች ላይ የወጡ ጥናቶችን ገመገመ። ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከምዕራባውያንና ከበለጸጉ አገሮች የመጡ ነበሩ። 68 በመቶው ከአሜሪካ ብቻ! እነዚያ አገሮች በሙሉ ተደምረው የያዙት የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ገደማ ነው። እኛ ክፍል ገብተን «ሰው እንዲህ ነው» ብለን የምናስተምረው በአብዛኛው ከዚያ የተገኘ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ጥናት ብርቅ ነው። ተፈላጊም ነው።

በጥንቃቄ የሚለው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። የእኔ ትምህርት ልኬት ነው፤ ሰው ውስጥ ያለን ነገር በመጠይቅ እንዴት እንለካለን የሚለው። አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ሰሜን ሸዋ ገጠር ወርደን እናቶችን ስለ ድካም፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት እንጠይቅ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚመጣው መልስ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ተማሪዎቼ «ምንም ችግር የለም» የሚለው ላይ ምልክት እያደረጉ አለፉ። ማታ ቡና ላይ ግን እነዚያው እናቶች ሌሊቱን ሙሉ ስለማያስተኛቸው ነገር ያወሩን ነበር። መጠይቁ ያንን አልያዘውም። ለእንግዳ ሰው፣ ያውም ወረቀት ለያዘ ሰው፣ ምሬት መናገር እዚያ ነውር ነው። ደግሞ «ሁልጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ አንዳንዴ» የሚለው ባለ አምስት ደረጃ መልስ ትምህርት ቤት ላልሄደ ሰው ግራ ነው። በኋላ አምስት ብርጭቆ ውስጥ የተለያየ መጠን ያለው ውኃ አቅርበን «ድካምዎ የትኛውን ያህላል?» ብለን ጠየቅን። መልሱ ተለወጠ።

ከአገራችን ሥራ የቡታጅራን ጥናት አንብቢ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና የውጭ ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ባለችበት በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ከ68,000 በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም መርምረዋል። ከውጭ የመጣውን ረጅም ቃለ መጠይቅ ተጠቀሙ። ጎን ለጎንም አካባቢውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎችን «እንዲህ ዓይነት ሰው ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች በማግኘት በኩል የአካባቢው ሰው ትልቅ ድርሻ ነበረው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የጎረቤት ዕውቀት በአግባቡ ከተጠየቀ የምርምር ዘዴ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ሦስት ነገር ልለምንሽ። ስታቲስቲክስን ራስሽ ቻይው። ዳታውን ለሰው ከፍሎ ማሠራት፣ ከዚያ ዲፌንስ ላይ ቆሞ የማያውቁትን ሠንጠረዥ ማንበብ በጣም ተለምዷል። ልብ የሚሰብር ነገር ነው። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሳይከፈልበት የተሰበረ ቅጂ ፍለጋም አትንከራተቺ። ጃስፕ የሚባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፤ በነፃ ይወርዳል። እሱን ከለመድሽ በኋላ አር ወደሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተሸጋገሪ።

ሁለተኛ፣ ዳታ ለመሰብሰብ ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቁሚ። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 ቦታዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን እየተከታተለ ነው። በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናምም እንዲሁ። ልጆቹ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው፣ ለራሳቸው ስለሚሰጡት ግምት የተሰበሰበው መረጃ እንግሊዝ አገር ባለው የዳታ ማኅደር ተመዝግቦ ለጠየቀ ተመራማሪ ይሰጣል። የእኛን ልጆች ዳታ የሌላ አገር ተማሪዎች አውርደው ፒኤችዲ ሲሠሩበት፣ የእኛ ተማሪ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ይህ በጣም ይቆጨኛል።

ሦስተኛ፣ አድቫይዘርሽን፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍሽን የሚያማክርሽን መምህር፣ በስሙ ትልቅነት አትምረጪ። ባለፉት ዓመታት ያሳተመውን አንብቢ። ተማሪዎቹን ፈልገሽ «የላካችሁትን ጽሑፍ አንብቦ ይመልሳል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሲመደብ የደረሰው ሳይኮሎጂ ነው። የፈለገው ኢኮኖሚክስ ነበር። ተስፋ ቆርጦ ቤት ተቀምጧል። ምን ልበለው? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አይበሉት፤ ይዘኑለት። ከዚያ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ኢኮኖሚክስን የወደደው በሒሳቡ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ሒሳብ የሚወድ ልጅ እንፈልጋለን። ሰው ገንዘብ ሲያወጣ፣ ሲቆጥብ፣ ዕቁብ ሲገባ ለምን እንዲህ ይወስናል የሚለው ጥያቄ የሳይኮሎጂም ነው። ዳንኤል ካነማን ሳይኮሎጂስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በኢኮኖሚክስ ነው። አንድ ሴሚስተር ይሞክረው። ካልሆነለት ዲፓርትመንት የመቀየሪያ ጊዜው ሳያልፍ ሬጅስትራር ሄዶ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ በክልል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ዓመት ሌክቸረር ሆኛለሁ። የማስተማር ጫናው ከባድ ስለሆነ አንድ ጽሑፍ እንኳ አላሳተምኩም። በየሳምንቱ ግን «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል ይመጣልኛል። 200 ዶላር ከከፈልኩ በአንድ ሳምንት ያትሙልኛል። በዚህ መንገድ እድገት ያገኙ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ደግሞ የማስተርስ ጽሑፌን አድቫይዘሬ የእሱን ስም ከፊት አድርጎ አሳትሞታል፤ የእኔ ስም ሁለተኛ ነው። ሞራሌ ወድቋል። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ጓዴ፣ አትክፈል። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምነግርህ።

በአንድ ሳምንት የሚታተም ጽሑፍ ማንም አላነበበውም ማለት ነው። የእውነት ጆርናል ጽሑፍህን ለሁለት ሦስት ባለሙያ ይልካል። ወራት ይፈጃል። አስተያየቱ ተመልሶ ሲመጣ ያማል፤ ግን ሥራህን የተሻለ ያደርገዋል። ጄፍሪ ቢል የሚባል የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የላይብረሪ ባለሙያ እነዚህን ገንዘብ ብቻ የሚሰበስቡ አሳታሚዎች ለዓመታት ሲዘረዝር ቆይቶ ዝርዝሩን በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት አወረደው። አሳታሚዎቹ ግን አልጠፉም። እንዲያውም የታዋቂ ጆርናል ስምና ገጽ አስመስለው የሚቀርቡ አሉ። ስለዚህ በኢሜይል በመጣልህ ሊንክ አትግባ። ጆርናሉን ራስህ ፈልገህ ግባ። የአዘጋጆቹን ስም ዝርዝር አውጣና ለአንዱ ጻፍለት፤ «በእውነት የዚህ ጆርናል አባል ነዎት?» ብለህ። ስሙ ሳያውቅ የተለጠፈበት ሰው ልታገኝ ትችላለህ።

ባልደረቦችህ አልፎላቸው ይሆናል። ነገር ግን ያ ጽሑፍ ስማቸው ላይ ለዘለዓለም ይኖራል። የውጭ አገር ስኮላርሺፕ ወይ የምርምር ገንዘብ ሲጠይቁ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ክፍያ ሁሉ ግን ማጭበርበር አይደለም። ለአንባቢ በነፃ የሚከፈቱ ጥሩ ጆርናሎችም ከደራሲው ያስከፍላሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ አገሮች ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያውን ይተዋሉ። ሳታስገባ በፊት ጠይቅ። አገር ውስጥም የኢትዮጵያ የትምህርት መጽሔት አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው። ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸው ሌሎችም አሉ። ለማንበብ ደግሞ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም የእኛ ተቋማት ብዙ ሺህ ጆርናሎችን ማግኘት ይችላሉ። የይለፍ ቃሉን ላይብረሪያችሁ ሄደህ ጠይቅ። ካልተመዘገቡ እንዲመዘገቡ ወጥራቸው።

ምን ልጻፍ ካልክ፣ ክፍልህ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች አሉልህ። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠርተዋቸው ነበር። መጀመሪያ ሲታተሙ 97 በመቶዎቹ «ውጤት አግኝተናል» ያሉ ናቸው። ሲደገሙ ግን ውጤት የታየው 36 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥናት መድገም እንደ ተራ ሥራ አይታይም። አንድ የታወቀ ሙከራ ምረጥ። ሲኒየር ተማሪዎችህን በቡድን አደራጅና በጥንቃቄ ይድገሙት። የማስተማር ጫናህ ያኔ ለምርምርም ይሠራልሃል። አንዳንድ ጆርናሎች አሁን ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ዕቅዱን ብቻ ገምግመው ይቀበላሉ። ውጤቱ የፈለገውን ይሁን፣ በዕቅዱ መሠረት ከሠራህ ያትሙልሃል። ለእንደ አንተ ላለ ሰው ይህ ትልቅ በር ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሳይኮሎጂካል ሳይንስ አክሰለሬተር የሚባል የቤተ ሙከራዎች ኅብረት አለ። በብዙ አገር ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ከአፍሪካ የሚገባ ቡድን ይፈልጋሉ። ኢንተርኔት፣ ጥቂት ተሳታፊና ትዕግሥት ካለህ መግባት ትችላለህ።

የአድቫይዘርህ ነገር አሳዝኖኛል። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ፣ በዋናነት ከተማሪው የዶክትሬት ጽሑፍ በተወሰደ ሥራ ላይ ከልዩ ሁኔታ በቀር የተማሪው ስም እንዲቀድም ይላል። ማስተርስም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ። የታተመውን ማስለወጥ ቀላል አይደለም፤ ጉልበትህን እዚያ አትጨርስ። ከዳታው ያልተነካ ክፍል ካለ ግን ጽሑፉን አንተ ጀምረው። ለአድቫይዘርህም በአክብሮት፣ ግን በጽሑፍ፣ «ቀዳሚ ደራሲ ሆኜ እየጻፍኩ ነው፤ አብረውኝ ይሁኑ» ብለህ ላክለት። ከአሁን በኋላ ከማንም ጋር ሥራ ስትጀምር የስም ቅደም ተከተሉን የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተነጋገሩበት። ይሉኝታ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። አንተም ነገ አድቫይዘር ነህ፤ ተማሪዎችህ የሠሩት ላይ ስማቸው ይቅደም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በሳይኮሎጂ ዲግሪ ይዤ ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አረጋውያን እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ፒኤችዲ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ማስተርስ የለኝም፣ ገንዘብም የለኝም። ሰዎች «ነርሲንግ ተማሪና ገላግይው» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ነርሲንግ ክቡር ሥራ ነው። ከወደድሽው ተማሪው። ሳይኮሎጂ ልብሽ ውስጥ ካለ ግን ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁትን ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ የሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ለመግባት ብዙ ጊዜ ማስተርስ አያስፈልግም። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይገባል። በአብዛኞቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያው ተችሎልሽ፣ በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራሽ የኪስ ገንዘብ ይከፈልሻል። አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል። ገንዘቡ ሜሪላንድ ላይ ጠባብ ኑሮ ነው፤ ዕዳ ውስጥ ግን አትገቢም። ሳይዲ ወይም ፕሳይዲ ሲሉ የምትሰሚው ሌላ ነው። እሱ ሕክምና ላይ ያተኮረ ዲግሪ ነው። ብዙ ጊዜ ከኪስ ይከፈላል፤ ብድሩም ከባድ ነው። ሁለቱን እንዳታምታቺ። ክሊኒካል ፒኤችዲ ደግሞ ለመግባት ከሁሉ ይከብዳል፤ የማሕበራዊ፣ የዕድገት ወይም የእርጅና ሳይኮሎጂም እይ።

እርጅና ያልኩት በምክንያት ነው። የአረጋውያንን ቀን ከጧት እስከ ማታ የምታዪ አንቺ ነሽ። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ልጆቻቸው ያመጧቸው፣ ቋንቋ የማይችሉ፣ ጎረቤት የሌላቸው ኢትዮጵያውያን እናቶችና አባቶች በዙሪያሽ አሉ። ስለ እነሱ ብቸኝነት የሚጠይቅ አማርኛ የሚችል ተመራማሪ ስንት አለ? ከአንቺ ቤት ሩቅ ያልሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማሚ ክላርክ የተባለች ወጣት ጥቁር አሜሪካዊት በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የማስተርስ ጽሑፏን የሠራችበት ነው። የጠየቀችው ትንንሽ ጥቁር ልጆች ማንነታቸውን መቼና እንዴት እንደሚያውቁ ነበር። ከባለቤቷ ከኬነዝ ጋር ያንን ጥያቄ በአሻንጉሊቶች ቀጠሉበት። ሥራቸው በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶች በዘር እንዳይከፋፈሉ ሲወስን ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ጥያቄዋን ያገኘችው ከራሷ ወገን ነው።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። የአዲስ አበባውን ዲግሪሽን በዲግሪ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሚ፤ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ስለሚጠየቅ ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ስታቲስቲክስሽ ከቆየ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አንድ ኮርስ ውሰጂ። ከዚያ በሜሪላንድ፣ በሃዋርድ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን የሚያስተምሩ፣ ስለ እርጅና ወይም ስለ ስደተኞች የሚመራመሩ ፕሮፌሰሮችን ፈልገሽ ለእያንዳንዳቸው አጭር ኢሜይል ጻፊ። ጽሑፋቸውን አንብበሽ ጻፊ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቤተ ሙከራቸው ውስጥ በፈቃደኝነት ለመሥራት ጠይቂ። ብዙዎቹ አይመልሱም፤ አይክፋሽ፣ ቀጥይ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰው የሚገኘው ከዚያ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት አልረፈደም። ማመልከቻው በብዙ ቦታ የሚዘጋው ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚጠይቁትና የማይጠይቁት ስለሚለያዩ የየዲፓርትመንቱን ገጽ እይ። በመስከረም ወር ደግሞ ልትሠሪ የምትፈልጊያቸውን ፕሮፌሰሮች «በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ ይቀበላሉ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «አልቀበልም» ላለሽ ሰው የማመልከቻ ክፍያ አታባክኚ።